የስፖርት ፈረሶች የጡንቻ ሕመም፦ ተረትና እውነታ

ፈረሰኞች «ታይንግ አፕ» የሚሉት ሕመም ሥራ ላይ ባለ ፈረስ ጡንቻ ሕዋሳት መፈራረስ የሚመጣ ነው። ፈረሱ እርምጃው ያጥራል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ዳሌና ታፋው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሲብስም ከቆመበት ንቅንቅ አይልም።

ከሁሉ ሥር የሰደደው ተረት ጥፋቱን በላክቲክ አሲድ ያላክካል። ነገር ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፈረሱ ሥራ ጀምሮ ገና በሶምሶማ ላይ እያለ፣ አሲዱ ሳይጨምር ነው። በአንጻሩ ሽምጥ የሚጋልብ የውድድር ፈረስ አሲዱ ጣሪያ ነክቶም ጡንቻው ደህና ይወጣል።

«ደካማ ባልደራስ ያመጣው ነው» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ከልምምዱ በላይ የተሠራበት ወይም በሙቀት ውሃና ጨው ያለቀበት ማንኛውም ፈረስ አንድ ጊዜ ሊታመም ይችላል። እየተመላለሰ ሲመጣ ግን ዘር መጠርጠር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂ.ዋይ.ኤስ.1 በተባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ አገኙ፤ ለውጡ ጡንቻው ከመጠን ያለፈና ያልተለመደ ስኳር እንዲያከማች ያደርጋል። ከአንድ ወላጅ መውረሱ ብቻ ይበቃል። በኳርተር ሆርስና እንደ ቤልጂየም ባሉ የጭነት ዝርያዎች ይበዛል። በቶሮብሬድ የሚታየው ሌላ ዓይነት ሲሆን በቀላሉ የሚበረግጉ ወጣት ባዝራዎችን ይመርጣል።

«አንቀሳቅሰው፣ ይፍታታለታል» የሚለው ምክር በጣም አደገኛ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ጉዳቱን ያብሳል። ፈረሱ ባለበት ይቁም፣ ውሃ ይቅረብለት፣ ሐኪም ይጠራ። ሽንቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ከጡንቻ የፈሰሰው ማዮግሎቢን ኩላሊቱን እየጎዳ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ውሃ ላጠረው ፈረስ በዘፈቀደ የሚሰጥ ማስታገሻ ኩላሊቱን ይጨርሳል።

ላቡና ጭንቀቱ ሕመሙን ከአንጀት ቁርጠት ጋር ያመሳስሉታል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፦ ሲ.ኬ. የተባለው ኢንዛይም ከጉዳቱ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኤ.ኤስ.ቲ. ደግሞ በማግስቱ ከፍተኛ መጠናቸው ላይ ይደርሳሉ።

ካገገመ በኋላ ለሳምንታት ጋጣ ውስጥ መዝጋትም አይረዳም። ድሮ እሑድ ሙሉ እህል እየበሉ ያረፉ የጭነት ፈረሶች ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ ይወድቁ ስለነበር ሕመሙ «የሰኞ በሽታ» ተብሏል። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ለሚደረገው የፈረስ ግልቢያ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ገብስ እየተጨመረለት በድንገት የሚወጣ ፈረስም ለዚሁ ይጋለጣል። የሚበጀው የዕለት ግጦሽና ቀላል እንቅስቃሴ፣ እህል መቀነስ፣ ጉልበቱን ከድርቆሽና ከዘይት መስጠት ነው።

ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን ሁሉን ይፈውሳል የሚሉም አሉ። እጥረቱ ጡንቻ ይጎዳል፤ ትርፉ ግን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 በፍሎሪዳ 21 የፖሎ ፈረሶች የሞቱት በስሕተት ሴሊኒየም በዝቶበት በተቀመመ መድኃኒት ነው። ስለዚህ የሚሰጠው እጥረቱ በደም ምርመራ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።