የካዲላክ ገላ፥ የቮልጋ ልብ

ጎረቤታችን ጋሼ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በኩባ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በተባለው ስፍራ እንደ ተማሩ አንባቢ ሳይሰማ አይቀርም፤ ጋሼም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ባለፈው እሑድ ቡና ስንጠጣ የአውቶሞቢል ነገር ተነሣና እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ መምህር ነህና ፍረደኝ። ሃቫና ከተማ በካዲላክ ተሳፍሬአለሁ ስል ልጆቼ ይሥቁብኛል። መኪናይቱ ግን ካዲላክ ነበረች፤ የኋላ ክንፏ እንደ አውሮፕላን ነው። ነገር ግን ሾፌሩ የሞተሩን መክደኛ ከፍቶ ቢያሳየን፥ ከውስጥ ያለው የሩሲያ ቮልጋ ሞተር ሆኖ ተገኘ። ማርሹንም እንደ ጭነት መኪና ነጂ በእጁ እየቀያየረ ነበር የሚነዳው። እንግዲህ እኔ የተሳፈርኩት በካዲላክ ነው ወይስ በቮልጋ?»

ለጊዜው ሥቄ ዝም አልኩ። ማታ ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ለአንባቢ ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር፤ ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከ1959 አብዮት በፊት ኩባ ለአሜሪካ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ጥሩ ገበያ ነበረች። ካዲላኩ፥ ቡዊኩ፥ ሼቭሮሌው በሃቫና ጎዳና ይንሸራሸር ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ በ1960 አሜሪካ ወደ ኩባ የሚላከውን ዕቃ አብዛኛውን ከለከለች፤ በ1962 ደግሞ ክልከላው በጠቅላላው ንግድ ላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መኪኖቹ ቀሩ፥ መለዋወጫቸው ግን ቀረ። በፋንታው ከሶቪየት ኅብረት ሞስክቪች፥ ቮልጋ፥ ኋላም እኛ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና የምናውቃት ላዳ መግባት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እስከ 2011 ድረስ አንድ ኩባዊ እንደ ልቡ ሊሸጥና ሊገዛ የሚችለው ከአብዮቱ በፊት የነበረውን መኪና ብቻ ነበር። የሶቪየቶቹ መኪኖች በመንግሥት ፈቃድ ለተመረጡ ሰዎች የሚሰጡ ነበሩ። ስለዚህ የአሮጌው ካዲላክ ሊብሬ እንደ ርስት ያህል ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ሆነ። ሞተሩ ቢሞት እንኳ ገላውን መጣል ሞኝነት ነው፤ የቤተ ሰቡ እንጀራ በእርሱ ላይ ነውና። ሌላ ልብ መፈለግ ግድ ሆነ።

ታዲያ ትንሽ ሞተር ትልቅ መኪና ይጎትታል ወይ? እስቲ የ1959ን ካዲላክ እንውሰድ። ክብደቱ ከ2100 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር፥ ስፋቱ 6.4 ሊትር፥ ጉልበቱም ፋብሪካው እንደ ለካው 325 የፈረስ ጉልበት ነበር። ማርሹ በራሱ የሚቀያየር ስለ ሆነ የነጂው ግራ እግር ሥራ አልነበረውም። የቮልጋ 24 ሞተር ግን ባለ 4 ሲሊንደር፥ 2.4 ሊትር ሲሆን ጉልበቱ 95 ነው፤ የካዲላኩን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ ሥራውን እንመርምር። ካዲላኩ 6 ሰው ጭኖ ክብደቱ 2500 ኪሎ ደረሰ እንበል። በሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው የጎማውንና የነፋሱን እምቢታ ማሸነፍ ብቻ ነው። ሳሰላው ከ15 የፈረስ ጉልበት የማይበልጥ ሆኖ አገኘሁት። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ደግሞ 30 ያህል ይበቃል። የቀረው ሁሉ ምን ይሠራ ነበር ቢባል፥ መኪናይቱን ከቆመችበት እንደ ወፍ ለማክነፍና በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ለማብረር ነው። ይህ ለባለጠጋ ደስታ ነው፤ ለታክሲ ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ትልቁ ሞተር በዝግታ ሲሄድም ብዙ ቤንዚን ይበላል፤ ለአንድ ሲኒ ቡና ጎላ ድስት ጥዶ ውሃ እንደ ማፍላት ነው።

የቀረውን ሥራ የሚሠራው ካምቢዮ ነው። በቮልጋ 24 አንደኛ ማርሽ ሞተሩ 3.5 ጊዜ ሲዞር፥ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ያው ዘንግ ደግሞ በዲፍረንሻሉ በኩል 4.1 ጊዜ ዞሮ ጎማውን 1 ጊዜ ያዞረዋል። ሁለቱ ሲባዙ 14 ያህል ይሆናሉ፤ ይኸውም የሞተሩ የማዞር ኀይል ጎማው ዘንድ ሲደርስ 14 ጊዜ ያህል በርትቶ፥ ፍጥነቱ ግን በዚያው ልክ ቀንሶ ነው። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ፍጥነት ሸጦ ብርታት ይገዛል እንጂ። የካዲላኩ የራሱ ዲፍረንሻል ግን ለብርቱ ሞተር የተሠራ ስለ ሆነ ቁጥሩ ወደ 3 ግድም ነው። ሞተርና ካምቢዮ ብቻ ለውጦ ዲፍረንሻሉን የተወ መካኒክ፥ በየዳገቱ ፍሪሲዮን ሲያቃጥል ይኖራል።

በጋራዥ ውስጥ ያለው ሥራም ቀላል አይደለም። የሞተሩ ማሰሪያ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ለፍሪሲዮን አዲስ መርገጫ ይሠራል፤ ለማርሽ ዱላው ወለሉ ይበሳል። ጎማውን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ በልኩ ተቆርጦ ሚዛኑ ይስተካከላል፤ አለዚያ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር መኪናይቱን ያንቀጠቅጣታል። ከባዱ ሞተር ሲወጣላት አፍንጫዋ ቀና ስለሚል የፊት ሞላዋ መታረም አለበት።

በ1991 ሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ለኩባ ሌላ መከራ መጣ። ነዳጅ ጠፋ፤ መንግሥት ከቻይና ከሚልዮን በላይ ብስክሌት አስመጥቶ አከፋፈለ። ባለ መኪኖቹም ከቤንዚን ይልቅ በናፍጣ ወደሚሠሩ እንደ ቶዮታ፥ ህዩንዳይና ፔዦ ወዳሉ ሞተሮች ዞሩ። በታወቀ መንገድ እየተመላለሱ ሰው የሚያሳፍሩትን እነዚህን ታክሲዎች ሕዝቡ «አልሜንድሮን» ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም ትልቅ ለውዝ ማለት ነው።

ነገር ግን የናፍጣ ሞተር አንድ የተሸሸገ አደጋ አለው። የካዲላክ ፍሬን የነጂውን እግር የሚያግዘው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኀይል ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን ሳይገታ ስለሚያስገባ ይህ ኀይል የለውም። መካኒኩ የተለየ ፓምፕ ካልገጠመለት ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው ገላ ግን እንደ ነበረ ነው። መሪውን የሚያቀልለውም ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለ ሆነ፥ ከተረሳ መሪው ይከብዳል። ሞተር ቢያንስ መንገደኛ ይዘገያል፤ ፍሬን ቢያንስ ግን መንገደኛ ይሞታል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ፈተናው መኪናይቱ መሄዷ አይደለም፤ መቆሟ ነው።

በሌላው አገር አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች፥ ሞተሩ የተለወጠ ካዲላክ የተበላሸ ካዲላክ ነው ይላሉ፤ ዋጋውንም ዝቅ ያደርጉታል። በእነርሱ ሚዛን እውነት አላቸው። ነገር ግን የሃቫናው ሾፌር የነበረው ምርጫ በተለወጠና ባልተለወጠ ካዲላክ መካከል አልነበረም፤ በሚሄድ መኪናና በብረት ክምር መካከል እንጂ። ዛሬ ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣው ገላ ሳይፈርስ የቆየው ባዕድ ልብ ስለ ተተከለለት ነው።

ከአንባቢዎቼ መካከል በርካሽ የተገኘ ትልቅ አሮጌ መኪና ገዝቶ አነስተኛ ሞተር ለማስገባት የሚያስብ ቢኖር፥ ከመካኒኩ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ፍሬኑን ማን ያግዘዋል? ዲፍረንሻሉ ከአዲሱ ሞተር ጋር ይስማማል ወይ? በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርስ በሕግ እንዴት ይታረማል? ለሦስቱ መልስ ያላገኘ ሰው ደመወዙን በኪሱ ይዞ በአውቶቡስ ቢሄድ ይሻለዋል።

በማግሥቱ ለጋሼ ሒሳቤን አሳየኋቸው። ወረቀቱን ጥቂት ተመለከቱና፦

«ይህን ሁሉ ቁጥር ተወውና፥ ልጆቼን ምን ልበላቸው?» አሉኝ።

«ካዲላክ ናት ይበሏቸው፤ ነገር ግን ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ የወጣች ካዲላክ» አልኳቸው።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትህን ነው» አሉ፤ «ያ ሾፌር ዳገቱን ስንጨርስ ሁልጊዜ ዳሽቦርዱን መታ መታ ያደርጋት ነበር።»