ስለ በርበሬ ሻጋታ መርዝና ስለ መመርመሪያው ወረቀት

በቡታጅራ አጠገብ የሚበቅለው የማረቆ በርበሬ በቀለሙና በመዓዛው የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በርበሬ ደኅና ሳይደርቅ በጆንያ የታመቀ፤ ወይም ሚዛን እንዲያነሣ ተብሎ ውሃ የተረጨበት እንደ ሆነ ሻጋታ ያበቅላል። ከሻጋታውም አንዱ ወገን አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ተርኪ ዶሮዎች የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። የአውሮጳ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ሲገኝበት አይቀበለውም፤ ይህን ያህል ጥቂት ነገር ደግሞ በዓይንም በአፍንጫም አይለይም።

በገበያው ስፍራ ለመመርመር የሚያገለግል ወረቀት አለ። በወረቀቱ ላይ ቀለም የገባባቸው የፖሊስቲሪን ፍሬዎች ይገኛሉ (በአንዳንዱ ወረቀት በፈንታቸው የወርቅ ትቢያ ይገባል)፤ የአንዱ ፍሬ ውፍረት ከጠጕር ውፍረት ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ያንሳል። በእያንዳንዱ ፍሬ ገጽ አንቲቦዲ የሚባል፤ መርዙን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ይለጠፋል። ፖሊስቲሪን እንደ ቅቤ ውሃን ስለሚሸሽ፤ ፕሮቲንም ውሃን የሚሸሽ ወገን ስላለው፤ ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ በራሳቸው ይጣበቃሉ። ይህ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲኑ ሊላቀቅ፤ ወይም የሚይዝበት ወገኑ ወደ ፍሬው ዞሮ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርቦክሲል ያለበትን ፍሬ በካርቦዲኢሚድ አንቅቶ ከፕሮቲኑ ጋር በኬሚካል ማሰር ይበልጥ ይጸናል። የቀረው ባዶ ገጽ በወተት ፕሮቲን ይሸፈናል፤ ያለዚያ ፍሬው ያገኘውን ሁሉ እየያዘ ሐሰተኛ ምልክት ያሳያል።

ሹም የሆነ ሰው አብዝቶ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አነባበቡ ነው። በወረቀቱ መስመር ላይ አስቀድሞ ጥቂት መርዝ ተተክሏል። በርበሬው ንጹሕ ሲሆን ፍሬዎቹ በዚያ ይያዛሉና መስመሩ ይቀላል፤ መርዝ ሲበዛበት ግን ፍሬዎቹ አስቀድመው ስለ ተያዙ መስመሩ ይጠፋል። እንግዲህ መስመር መታየቱ ደኅንነት፤ መጥፋቱ ብክለት ነው። ይህን ያገላበጠ ሹም የተበከለውን አሳልፎ የደኅነኛውን ገበሬ ሀብት ይወርሳል። ሁለተኛው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልታየ ምርመራው ከንቱ ነው።

ፕሮቲን በሙቀት እንደ እንቁላል ይበላሻልና ወረቀቱን በፀሐይ መተው አይገባም። የበርበሬ ቀለም ምርመራውን ስለሚያውክ ለበቆሎ የተሠራውን ወረቀት ለበርበሬ ማድረግ አይቻልም። ናሙናውም ከብዙ ጆንያ፤ ከላይ፤ ከመካከልና ከታች ተወስዶ አብሮ ይፈጫል፤ መርዙ በአንድ ጥግ ተከማችቶ ሊገኝ ይችላልና። ወረቀቱ ብክለት ያሳየበት በርበሬ ለብቻው ተለይቶ፤ ላብራቶሪ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሳይሸጥም ሳይወረስም ይቆያል።