ቀይዋ መስመር ወርቅ ናት

የልጅ ልጄ ከአርባ ምንጭ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዛት። አመሻሽ ላይ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ላቦራቶሪው ተዘግቶ ስለነበር ነርሷ ጣቷን ወግታ ጠብታ ደም በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ላይ አደረገችና «ሩብ ሰዓት ይጠብቁ እማማ» አለችኝ።

የምትወጣዋ ቀይ መስመር ተራ ቀለም ትመስለኝ ነበር። ለካ ወርቅ ናት! ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ የሚያንሱ የወርቅ ቅንጣቶች ብርሃን ሲያርፍባቸው ቢጫ ሳይሆን ቀይ ሆነው ይታያሉ። ናኖ ቴክኖሎጂ የሚሉት ይኸው ነው። ቅንጣቶቹ የወባን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተሸክመዋል፤ ፕሮቲኑን ካገኙ አንድ ቦታ ተከማችተው ሁለተኛ መስመር ይሠራሉ። የመጀመሪያዋ መስመር የምትናገረው መመርመሪያው መሥራቱን ብቻ ነው።

ለእኛ አንድ ብቻ ወጣ። «ተመስገን» ብዬ ልነሳ ስል ነርሷ አስቆመችኝ። አንዳንድ የወባ ተውሳኮች መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን ጭራሽ አይሠሩም፤ እንዲህ ያሉት በአገራችንም ተገኝተዋል። «ትኩሳቱ ካልለቀቃት ጠዋት ይመልሷት፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል።»

ሌሊቱን ባሰባት። ጠዋት ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባ ተገኘ፤ የሦስት ቀን መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች።

አሁን ጎረቤት «አንድ መስመር ነው የወጣው» ሲለኝ «ትኩሳቱስ?» እላለሁ።