ስሕተትን «ትክክል ነው» ብሎ የሚያሳልፍ ኮምፓይለር

አንድ የደብረ ብርሃን ተማሪ በቀድሞው የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ያለ እንከን የተተረጎመለትን የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ወዳለው ጂሲሲ ቢወስደው፣ ማያው በስሕተት መልእክት ሊሞላ ይችላል። ጥፋቱ የማን ነው?

ቴምፕሌት የዳታ ዓይነቱ ሳይወሰን አንድ ጊዜ ተጽፎ ለኢንቲጀርም ለደብልም የሚያገለግል ንድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው ስታንዳርድ ይህ ንድፍ ሁለት ጊዜ እንዲመረመር ያዛል፤ መጀመሪያ በተጻፈበት ቦታ፣ ኋላም የዳታ ዓይነቱ ሲታወቅ። በዳታ ዓይነቱ ላይ ያልተመሠረተ ስም ሁሉ በመጀመሪያው ምርመራ መገኘት አለበት። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ግን ለረጅም ዓመታት ይህን ምርመራ ይዘለው ነበር፤ ስለዚህ ያልታወጀ ፈንክሽን የሚጠራ ቴምፕሌት እንኳ በሥራ ላይ እስካልዋለ ድረስ በዝምታ ያልፋል።

ከዚህ የከፋም አለ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፈንክሽኖች ይኑሩ፤ ደብል የሚቀበለው ከቴምፕሌቱ በፊት፣ ኢንቲጀር የሚቀበለው ደግሞ ከቴምፕሌቱ በኋላ የታወጀ ይሁን። በቴምፕሌቱ ውስጥ ይህ ስም በ1 ቢጠራ፣ በስታንዳርዱ መሠረት የሚመረጠው የፊተኛው ነው፤ ልቅ የሆነው ኮምፓይለር ግን የኋለኛውን ይመርጣል። ሁለቱም ኮምፓይለሮች አንዳች ስሕተት አያመለክቱም፤ የሚለያየው ውጤቱ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

በእርግጥ ጂሲሲም ከነቀፋ ንጹሕ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው 3.4 ሲጠብቅ፣ ቀድሞ ይተረጎሙ የነበሩ ብዙ ፕሮግራሞች ተመለሱ። ማይክሮሶፍት የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያውም ልቅነቱን የሚዘጋው አማራጭ ሲበራ። አማራጩን አብርቶ መሥራት፣ ከተቻለም ፕሮግራሙን በሁለት ኮምፓይለሮች መተርጎም ያዋጣል።