የምናዝንለት ተበቃይ፦ ከኪልሞንገር እስከ አቤሴሎም

በቪዲዮ ቤት ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች ዋናውን ገጸ ባሕርይ «አክተሩ»፣ ጠላቱን ደግሞ «ቦሱ» እንል ነበር። ቦሱ ለምን እንደ ከፋ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሲሞት ማጨብጨብ ብቻ ነው። ዛሬ ከወጣቶች ጋር ስለ ፊልም የሚጨዋወት መጋቢ ግን ስለ ቦሱ «እውነቱን እኮ ነው» ሲባል ይሰማል። አንዳንድ አገልጋዮች ይህን የሥነ ምግባር መላሸቅ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወጣቱ ያዘነው ሊታዘንለት ለሚገባ ነገር ነው። አደጋው ያለው ከኀዘኑ ቀጥሎ በሚመጣው እርምጃ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ብላክ ፓንተር»ን እንመልከት። የኪልሞንገር አባት በ1992 በአሜሪካ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ በገዛ ወንድሙ በዋካንዳ ንጉሥ በቲቻካ እጅ ይሞታል። ንጉሡ ምስጢሩን ለመሸፈን ሕፃኑን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ልጁ አድጎ ዙፋኑን ሲጠይቅ የሚያቀርበው ክስ እውነት ነው፦ ወንድም ወንድሙን ገድሏል፤ ሙት ልጅ ተጥሏል፤ ባለጸጋ አገር የወገኖቹን መከራ እያወቀ በሩን ዘግቷል። ፊልሙም ይህን አይክድም፤ የቲቻካ ልጅ ቲቻላ በራእይ ከሞተው አባቱ ጋር ሲገናኝ መሳሳቱን ፊት ለፊት ይነግረዋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው ነው።

ርኅራኄያችን የሚነሣበት መንገድ ውስብስብ አይደለም። አሪስቶትል ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ የምንራራው ያለ ጥፋቱ መከራ ለሚደርስበት ሰው መሆኑን አስተምሯል። የፊልም ሠሪዎችም በደሉን አስቀድመው በቀሉን ያስከትላሉ። «ኤክስ-ሜን» (2000) የሚጀምረው በ1944 በፖላንድ፣ በናዚ ማጎሪያ ካምፕ በር ላይ ከወላጆቹ በግድ በሚነጠል ልጅ ነው። ያ ልጅ አድጎ ማግኒቶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራውን ሁሉ የምናየው በዚያ የልጅ ጩኸት በኩል ነው።

ተበዳዩ ራሱም ሥራውን የሚያየው በዚያው ጩኸት በኩል ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ደግ እየቆጠሩ እንዴት ክፋት እንደሚሠሩ አጥንቷል፦ ድርጊቱን በታላቅ ዓላማ ያጸድቁታል፤ ተጎጂውን ከሰው ተራ ያወጡታል፤ ጥፋቱንም መልሰው በእርሱ ላይ ይጭኑታል። ሕመም ለዚህ ሁሉ ስንቅ ያቀብላል። የቆሰለ ሰው «ክፉ ልሥራ» ብሎ አይነሣም፤ ፍትሕን እየፈጸመ ያለ ይመስለዋል። ምክራችን ጆሮው የማይገባውም ስለዚህ ነው፤ እኛ ስለ ኀጢአት ስንናገር እርሱ ስለ ዕዳ እያሰበ ነው።

በ2011 በወጣው «ኤክስ-ሜን፦ ፈርስት ክላስ» ውስጥ ሾው የተባለው ሰው፣ ሕፃኑ ኤሪክ ሳንቲም በኃይሉ ማንቀሳቀስ ስላቃተው እናቱን ዓይኑ እያየ ይገድልበታል። ኤሪክ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሳንቲም በሾው ጭንቅላት ውስጥ ያሳልፋል። ከመግደሉ በፊት ግን የሾውን የራስ ቁር አጥልቆ፣ በአሳቡ እንደሚስማማ ይነግረዋል። የእናቱን ገዳይ አስወገደ፤ ትምህርቱን ግን ወረሰ። በልጅነቱ የተጣለው ኪልሞንገርም የጨቋኞቹ ልጆች ሳይቀሩ እንዲገደሉ ይፈልጋል።

ሁለተኛ ሳሙኤልን በጥሞና ላነበበ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አምኖን እኅቱን ትዕማርን ያስነውራታል። ንጉሥ ዳዊት ይቆጣል፤ ሲፈርድ ግን አናነብም። አቤሴሎም ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ቂሙን ይይዝና በበግ ሸላቾች ድግስ ላይ አምኖንን ያስገድለዋል። ሦስት ዓመት በጌሹር ይሰደዳል፤ ተመልሶም ሁለት ዓመት የንጉሡን ፊት ሳያይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በከተማይቱ በር መንገድ ላይ እየቆመ፣ ሙግት ላለው ሁሉ ከንጉሡ ዘንድ ሰሚ እንደሌለው ይነግረዋል (15፥1–6)። ይህን ብዙ ጊዜ እንደ ሽንገላ ብቻ እንሰብከዋለን። ሽንገላ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በገዛ ቤቱ የሆነውን እየተናገረም ነበር። እኅቱ በዚያ ቤተ መንግሥት ፈራጅ አላገኘችም። ሴት ልጁን ትዕማር ብሎ የሰየመ ሰው (14፥27) የእኅቱን ነገር እንደ ረሳ መገመት ይከብዳል።

ይህ ሰው ኢየሩሳሌም ሲገባ ያደረገውን እንይ። በአኪጦፌል ምክር በሰገነት ላይ ድንኳን ተተክሎለት፣ ሕዝብ እያወቀ ወደ አባቱ ቁባቶች ገባ (16፥22)። ዳዊት ቤቱን እንዲጠብቁ የተዋቸው ዐሥር ሴቶች ነበሩ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ መበለት ተዘግተው ኖሩ (20፥3)፤ ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀርታ ነበር። ስለ ትዕማር የተጀመረው በቀል ሌሎች ዐሥር ሴቶችን እንደ እርሷ አደረገ። በነገራችን ላይ፣ በዚያች ቀን ዝም እንድትል የነገራት አቤሴሎም ራሱ ነው (13፥20)። አንደበቷን ዘግቶ ጉዳይዋን የራሱ አደረገው።

እንግዲህ ቂም የያዘ ሰው ወደ ቢሮአችን ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን የምንቸኩለው ወደ «ይቅር በል» ነው። ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በደሉ ሳይሰማና በስሙ ሳይጠራ ከተነገረ ከዳዊት ዝምታ ብዙም አይለይም። መዝሙር 109 እና 137 በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተበዳዩ ቁጣውን ሳይሸፋፍን በእግዚአብሔር ፊት እንዲያፈስሰው ይፈቅዳሉ። ሮሜ 12፥19ም በቀልን ከእጃችን አውጥቶ ለባለቤቱ ይሰጣል እንጂ በደሉን ከንቱ አያደርገውም። ክሮኤሺያዊው የነገረ መለኮት ምሁር ሚሮስላቭ ቮልፍ በአገሩ አካባቢ ከተካሄደው ጦርነት በኋላ፣ በ1996 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ሰይፉን ማስቀመጥ የሚችለው እግዚአብሔር በእርግጥ እንደሚፈርድ ሲያምን ነው ሲል ይሟገታል። ስለ ፍርድ መስበክ ያሳፈራት ቤተ ክርስቲያን ለተበዳዩ የምትሰጠው ምን እንደሚቀራት አላውቅም።

ከወጣቶች ጋር እነዚህን ፊልሞች ስትወያዩ «ማን ትክክል ነው?» ከማለት ይልቅ «በመጀመሪያ ማን ዝም አለ? ከበቀሉስ በኋላ ቀጥሎ የተጎዳው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ብላክ ፓንተር» የሚያበቃው ቲቻላ የኪልሞንገር አባት በሞተበት በኦክላንዱ ሕንፃ የርዳታ ማዕከል ሲከፍት ነው። ውይይቱን ከዚያ ትዕይንት ብትጀምሩ የአቤሴሎምን ታሪክ ለማንበብ መንገድ ይከፍትላችኋል።