ደህና በሆናችሁበት ቀንም ፓፉን አትተዉት

በዛሬው ዕትማችን በ26 ጁን ሰፈር ከምንኖር ስደተኞች ብዙዎቻችንን እንቅልፍ ስለነሳን አስም እንነጋገራለን።

እንደሚታወቀው ሐርጌሳ ደረቅና ነፋሻማ ከተማ ናት። በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። በየግቢው ከሰል ይነዳል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ኡንሲ ያጨሳሉ፤ እኛም ብንሆን ያለ ዕጣን ቡና አይሆንልንም። በአንድ ክፍል ተጨናንቀን ለምናድር ሰዎች ይህ ሁሉ ለደረት ጠላት ነው።

ከምናስተምራቸው ልጆች አንዷ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ እየተኛች አስቸገረችን። ሰነፍ መስላን ተቆጣናት። በኋላ እናቷን ብናነጋግር፣ "መምህር፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ነው እኮ የምታድረው" አሉን። ቤት ውስጥ ያለው ሰማያዊው ፓፍ ብቻ ነው፤ እሱንም የግቢው ሰው ይዋሰዋል። በየቀኑ የሚወሰድ ሌላ ፓፍ ታዞላት ነበር። እናትየው ግን "ስትስበው ወዲያው አይሻላትም፣ ገንዘብ መጣል ነው" ብለው አቋረጡት።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አስም የያዘው ሰው የአየር ቧንቧው ውስጡ ያብጣል፤ ደህና ነኝ በሚልበት ቀንም እብጠቱ አይጠፋም። ሰማያዊው ፓፍ (ሳልቡታሞል፣ ብዙዎቻችን ቬንቶሊን የምንለው) የተኮማተረውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ኃይሉ ያልቃል። እብጠቱን አይነካውም። ከሰሉ እየጨሰ ጭሱን በእጅ እንደማባረር ማለት ነው።

መከላከያው ፓፍ (ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ) ግን እብጠቱን ራሱን ያበርዳል። ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ ለውጡ የሚታየው ከቀናት ከሳምንታት በኋላ ነው። "ሱስ ያስይዛል" የሚባለውም ውሸት ነው። መጠኑ ትንሽ ሆኖ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2019 እ.ኤ.አ. አስም 262 ሚሊዮን ሰዎችን ይዞ 455 ሺህ ገድሏል። በዚያው ዓመት ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ፣ አዋቂዎችና ወጣቶች በሰማያዊው ብቻ እንዳይታከሙ አሳስቧል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

- መከላከያውን በታዘዘው መጠን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ መውሰድ። ከወሰዱ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት፤ አለበለዚያ አፍ ይቆስላል።
- የፓፉ ቀለም እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ ስሙን ማንበብ።
- ቀን መቁጠር። 200 ጊዜ የሚረጭ ፓፍ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት ከተወሰደ 50 ቀን ይበቃል።
- ለልጆች የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ማዘጋጀት። ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና ፓፉ ይገባበታል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ይተነፍሳል። ኬፕ ታውን ውስጥ ተጠንቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህ በፋብሪካ ከሚሠራው እንደማያንስ አሳይቷል።
- ሰማያዊው በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገ አስሙ አልተያዘምና ሐኪም ማማከር።
- ሰው ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሰማያዊውን እየሰጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሮጥ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ለኛ ለስደተኞች ይከብዳል። ነገር ግን ያለው ለአንዱ ብቻ ከሆነ ሐኪሙን "የትኛው ይቅደም?" ብላችሁ ጠይቁ እንጂ መከላከያውን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ያቺ ተማሪያችን መከላከያውን እንደገና ጀመረች። ወር አለፈና አሁን ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች፣ ጠዋት እጇን ቀድማ የምታወጣውም እሷ ናት። ስለተቆጣናት ይቅርታ ጠይቀናታል።