እጄ ሌሊት ማንን ይሰናበታል?

ባለፈው ዓመት ለሁለት ወር ያህል ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ቀኝ እጄን ሳራግፍ ነበር የከረምኩት። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ ይደነዝዛሉ፣ ጉንዳን እንደወረራቸው ይነዝሩኛል። በሙቀቱ ምክንያት ደጅ ስለምተኛ አንድ ጎረቤቴ በጨረቃ እጄን ሳወዛውዝ አየኝና ጠዋት «እንኳን ደስ አለህ! ፕሮሰስህ አለቀ አይደል? ማታ ስትሰናበት አየሁህ» አለኝ። ወሬው በሦስት ቀን ብሎኩን አዳረሰ። ያበደሩኝ ሁሉ «ሳትሄድ ክፈለን» ብለው መጡ። እኔ ግን የወጣልኝ ቪዛ ሳይሆን ካርፓል ተነል ሲንድረም ነበር።

ምክር አልጠፋም። አንዱ «ብርድ ነው» አለኝ፣ ሌላው «ምች ነው»፣ ሦስተኛው «የሰው ዓይን ነው»። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ትምህርቴን ያቋረጥኩት። የበሽታውን ስም የነገረኝም ክሊኒክ ያለ ባለሙያ ነው። ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ግን እንደ ክፍል ትምህርት ላስረዳችሁ።

በአንጓችን ውስጥ ምን አለ?

መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጉና የእጃችሁን አንጓ ተመልከቱ። ከሥር 8 ትናንሽ አጥንቶች ጎድጎድ ብለው ተደርድረዋል። ከላይ ጠንካራና ሰፊ ጅማት እንደ ጣሪያ ከድኗቸዋል። በመካከል ያለችው ጠባብ መተላለፊያ ነች ካርፓል ተነል የምትባለው። በእርሷ ውስጥ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና 1 ነርቭ ያልፋሉ። በአንዲት ድንኳን 10 ሰው ሲያድር ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ዘጠኙ ጉልበተኞች ናቸው፤ አሥረኛው ለስላሳ ነው። የጅማቶቹ ሽፋን ሲያብጥ ድንኳኗ አትሰፋም። ታዲያ ማን ይጨፈለቃል? ነርቩ።

ይህ ነርቭ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው። ትንሿ ጣት ነርቧ በሌላ መንገድ ስለሚመጣላት የሌላ ብሎክ ነዋሪ ናት፤ እርሷ ሰላም ታድራለች። የሚብሰው ሌሊት ነው፤ ስንተኛ አንጓችንን አጥፈን ስለምንተኛ መተላለፊያዋ ይበልጥ ትጠባለች። ጄምስ ፔጄት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የዚህን ነርቭ መጨቆን እ.ኤ.አ. በ1854 ጽፎታል። ስለዚህ በሽታው ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ።

መንስኤው ምንድነው?

ብዙ ጊዜ አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። በኃይል እየጨበጡ ደጋግሞ መሥራት፣ በተለይ አንጓ ታጥፎ፣ ያባብሰዋል። ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ ቡና መውቀጥ፣ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ይዞ መዋል ከዚህ ይቆጠራሉ። ስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ውፍረትና የድሮ የአንጓ ስብራትም ያጋልጣሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ነፍሰ ጡሮች ላይም ይታያል። አንዲት ነፍሰ ጡር ባልደረባችን ቡና ስትቀዳ ስኒ ከእጇ እየወደቀ «ሰይጣን አለባት» እስከመባል ደርሳ ነበር። ከወለደች በኋላ ለቀቃት፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ብዙ ይወቀሳል፣ ማስረጃው ግን ሰው እንደሚያስበው ጠንካራ አይደለም። እኛማ በአንድ ኮምፒውተር 30 ሆነን ስለምንሰለፍ ከዚህኛው ወንጀል ነፃ ነን።

እንዴት ይታወቃል?

የሁለት እጃችሁን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሙ፣ ጣቶቻችሁን ወደ መሬት አድርጉና 60 ሴኮንድ ቆዩ። እነዚያ ጣቶች ከደነዘዙ ያጠራጥራል። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፣ ወደ ክሊኒክ የሚያስኬድ ምልክት ግን ነው። (ተማሪዎች፣ ፈተና ላይ አትሞክሩት፤ «መጻፍ አልቻልኩም» የሚለውን እኔ አልቀበልም።)

ማሳሰቢያ፦ በድንገት የአንድ ወገን እጅና እግር ቢዝል፣ አፍ ቢጣመም ወይም ንግግር ቢያቅት ያ ሌላ ነገር ነው፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሕክምናውስ?

1ኛ/ ያባባሰውን ሥራ መቀነስ። ልብስ ስትጨምቁ ለሁለት ያዙት፤ በየመሃሉ እጃችሁን አሳርፉ።

2ኛ/ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር። ለኔ ክሊኒክ ድጋፉ ስላልነበረ ባለሙያው በጨርቅ የተጠቀለለች የእንጨት ማስመሪያ እንዴት እንደሚታሰር አሳየኝ። ጣቶች ነፃ ይሆናሉ፣ ማሰሪያውም አይጠብቅም። ተማሪዎቼ ሲሰሙ «ቲቸር፣ ዛሬስ ማስመሪያው እርስዎን ያዘ!» ብለው ሳቁብኝ። ስድስት ሳምንት ያህል በትዕግሥት ማሰር ያስፈልጋል።

3ኛ/ ካልተሻለ ሐኪም አንጓው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ይወጋል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ያስታግሳል። ተራ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ግን ለዚህ ብዙም አይረዳም።

4ኛ/ ለጠናበት ቀዶ ሕክምና አለ። ያን እንደ ጣሪያ የከደነውን ጅማት ይቆርጡታል፣ ነርቩም ይተነፍሳል። ብዙ ጊዜ እጅ ብቻ ደንዝዞ ይሠራና በዚያው ቀን ወደ ቤት ይኬዳል።

ወጌሻ አክባሪ ነኝ፤ ነገር ግን የተጨቆነን ነርቭ በኃይል ማሸት ሌላ ጭቆና ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። በሽታው ለረጅም ጊዜ ችላ ከተባለ የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይከሳል፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ በቀዶ ሕክምናም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። እኔ ሁለት ወር ዝም ያልኩት «መምህሩ መጻፍ አቃተው» እንዳይባል ፈርቼ ነው። አንድ ቀን ግን ጠመኔው ከእጄ ሦስቴ ወደቀ። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ፤ ያን ዕለት ነው ክሊኒክ የሄድኩት። ከአገር ስንወጣ ቤታችንንም ሰርተፍኬታችንንም ትተን ነው የወጣነው። እጃችንን ግን ይዘን መጥተናል። ቢያንስ እርሱን እንጠብቀው።

አሁን ተሽሎኛል፣ ሌሊትም እተኛለሁ። ብድሩ ግን እስካሁን አላለቀም። ቸር ይግጠመን!